መርፌው ለምን አስፈለገ?

ባለፈው ዓመት በጥር ወር፣ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ጠበል ጸዲቅ ቀምሰን ከአዳራሹ ስንወጣ፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉና እንደ እናት የማከብራቸው አንዲት ሴት እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝና ከቦርሳቸው በሶፍት የተጠቀለለች ትንሽ ብልቃጥ አወጡ። በውስጧ ደቃቅ ነጭ ዱቄት ነበር። «አንተ የመድኃኒት ሰው ነህ፤ ይህችን በጥብጠህ ውጋኝ፤ ለጉልበቴ ፍቱን ናት ብለውኛል። እርሷ ካልሆነችም ደግሞ ድካሙ በዝቶብኛልና የቫይታሚን መርፌ ፈልግልኝ» አሉኝ። በብልቃጧ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ቢፒሲ 157» ከሚል ጽሑፍ በታች፣ በጣም በደቀቁ ፊደላት «ለምርምር ብቻ፤ ለሰው የሚሰጥ አይደለም» ይላል። የአምራቹ ስም፣ የምርት መለያ ቁጥርም ሆነ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አልነበረበትም።

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በፋርማሲስትነት ስሠራ 14 ዓመት ሆኖኛል፤ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ በየጊዜው ቢቀርብልኝም ከሦስትና አራት ዓመት ወዲህ ግን እጅግ በዝቷል። በዚያች ብልቃጥ ውስጥ እንዳለው ያለውን ነገር የሚጠሩበት ፔፕታይድ የሚባለው ቃል በየስልኩ፣ በየጂሙና በየውበት ሳሎኑ የሚነገር ሆኗል። እኔም በየጊዜው ለአንድ ለአንድ ሰው የምመልሰውን በጽሑፍ ላስቀምጠው ወሰንሁ። መነሻ የማደርገው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ነገር በመርፌ የሚሰጠው ለምንድን ነው?

መርፌ በእኛ ዘንድ ትልቅ ክብር አለው። እኔ ባደግሁበት በደብረ ብርሃን በየሠፈሩ መርፌ ወጊ የሚባል ሰው ነበር፤ የመስታወት ሲሪንጁን በብረት ሣጥን ውስጥ አድርጎ በቡታጋዝ ምድጃ ላይ ሲቀቅል እኛ ልጆች በሩ ሥር ቆመን በፍርሃት እናይ ነበር። አያቴ ከጤና ጣቢያ ክኒን ብቻ ይዛ ስትመለስ «ሳይወጋኝ ሰደደኝ» ብላ ታዝን ነበር፤ ለእርሷ ያልተወጋ ሰው አልታከመም። ይህ ክብር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። የፔኒሲሊን መርፌ ተስፋ የተቆረጠበትን ሕመምተኛ ከአልጋው ሲያስነሣ ያየ ትውልድ፣ ኃይሉ ያለው ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከመርፌው ነው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ነገር ግን መርፌ መንገድ እንጂ መድኃኒት አይደለም። የምንውጠው ነገር በጨጓራ አሲድ፣ በአንጀት ግድግዳና በጉበት በኩል አልፎ ነው ወደ ደም የሚደርሰው፤ እነዚህም ለሰውነት እንደ ዘብ የሚቆሙ ናቸው። መርፌ ዘቦቹን ሁሉ አልፎ ይገባል። የዋጡትን ማስታወክ ይቻል ይሆናል፤ የተወጉትን ግን መልሶ የሚያወጣ የለም። ስለዚህ በመርፌ የሚገባ ነገር ንጽሕናው፣ መጠኑና አስፈላጊነቱ ከሚዋጠው ይልቅ በእጅጉ መረጋገጥ አለበት።

ፔፕታይዶች ለመርፌ በቂ ምክንያት አላቸው። ፔፕታይድ ማለት አሚኖ አሲዶች የተባሉት ጥቃቅን የፕሮቲን መሠረቶች እንደ ዶቃ በክር ተሰክተው የሚሠሩት አጭር ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ ሲረዝም ፕሮቲን ይባላል። ጨጓራና አንጀት ደግሞ ሥራቸው እንዲህ ያለውን ሰንሰለት መበጣጠስ ነው፤ የበላነውን ሥጋና ሽሮ እንደሚፈጩ ሁሉ የዋጥነውን ፔፕታይድም ይፈጩታል። ሴማግሉታይድ የተባለውን መድኃኒት ብንወስድ ይህ በግልጽ ይታያል። የመርፌው ዓይነት ለስኳር በሽታ በሳምንት አንድ ጊዜ እስከ 1 ወይም 2 ሚሊግራም ሲሰጥ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የተፈቀደው ክኒን ግን በየቀኑ እስከ 14 ሚሊግራም ይዋጣል፤ ይህም በሳምንት 98 ሚሊግራም መሆኑ ነው። መድኃኒቱን ከአሲዱ የሚከላከልና በጨጓራ ግድግዳ በኩል የሚያሳልፍ ረዳት ንጥረ ነገር ተጨምሮበት እንኳ ወደ ደም የሚደርሰው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም።

በመርፌ ከሚሰጡ ፔፕታይዶች ሁሉ ታሪኩን ደጋግሜ የምናገርለት ኢንሱሊን ነው፤ 51 አሚኖ አሲዶች አሉት። በጥር 1922 እ.ኤ.አ. በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ ሌናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በስኳር በሽታ ከስቶ ሞቱን ይጠባበቅ ነበር። ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከእንስሳት ቆሽት ያወጡትን ፈሳሽ ጥር 11 ቀን ልጁ ተወጋ። የስኳሩ መጠን በጥቂቱ ቢቀንስም መርፌው ያረፈበት ቦታ መግል ቋጠረ፤ ሕክምናውም ቆመ። ጄምስ ኮሊፕ የተባለው ኬሚስት ሌት ተቀን ሠርቶ ፈሳሹን አጠራው፤ ልጁም በጥር 23 ቀን እንደ ገና ሲወጋ ስኳሩ ወረደ፤ ከዚያም በኋላ 13 ዓመት ያህል ኖረ። በሁለቱ መርፌዎች ውስጥ የነበረው ፔፕታይድ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው በንጽሕናው ላይ ነበር። ዛሬ ከኢንተርኔት ላይ ማንነቱ ያልታወቀ ዱቄት ገዝቶ ራሱን የሚወጋ ሰው፣ የሚመኘው የጥር 23ቱን ቢሆንም ወደ ጥር 11ዱ መርፌ እየተመለሰ ነው።

ሁለተኛው የአገራችን እናቶች ሁሉ የሚያውቁት ኦክሲቶሲን ነው፤ ዘጠኝ አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ይህ ሆርሞን ከወሊድ በኋላ ማሕፀን እንዲኮማተርና ደም እንዲቆም ያደርጋል። ቪንሰንት ዱ ቪኞ በ1953 እ.ኤ.አ. በላቦራቶሪ ሠራው፤ በ1955ም የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመበት። ሕፃኑ እንደ ተወለደ ለእናቲቱ የሚሰጠው 10 ዩኒት መርፌ የስንቶችን ቤት ከሐዘን እንዳዳነ አዋላጆች ያውቁታል። ነገር ግን ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ጤና ጣቢያ ውስጥ ማቀዝቀዣ ከመድኃኒቱ እኩል ሕይወት አዳኝ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ፔፕታይድ ሙቀት የሚጎዳው ስስ ነገር ነው፤ በሻንጣ ተይዞ ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም በአውቶቡስ ወደ ባሕር ዳር የተጓዘ ብልቃጥ ከውጭ ሲያዩት ምንም ያልሆነ ሊመስል ይችላል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ማቅጠኛው መርፌ ነው። ሴማግሉታይድ በአሜሪካ በ2017 እ.ኤ.አ. ኦዜምፒክ በሚል ስም ለስኳር በሽታ፣ በ2021 ደግሞ ዌጎቪ በሚል ስም ለክብደት መቀነሻ ተፈቅዷል፤ ቲርዜፓታይድ የተባለው ሌላው መድኃኒትም በ2022 እና በ2023 ተከትሎታል። ውጤቱን አሳንሼ አልናገርም። ለ68 ሳምንታት በተደረገው ዋና ጥናት ተሳታፊዎቹ በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ያህል ቀንሰዋል፤ የልብ በሽታ ባለባቸውና ከመጠን በላይ በወፈሩ ሰዎች ላይ በ2023 ይፋ የሆነው ጥናት ደግሞ ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሃርት አታክን)፣ የአንጎል ምትንና በልብ ሕመም መሞትን በድምሩ 20 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። በትክክል ለሚያስፈልገው ሰው ትልቅ በረከት ነው። ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክና የሆድ ድርቀት የተለመዱ ጎንዮሽ ጉዳቶቹ ናቸው፤ የቆሽት መቆጣትና የሐሞት ጠጠርም ሊያስከትል ይችላል፤ በራሱ ወይም በቤተሰቡ ሜዱላሪ የተባለው የታይሮይድ ካንሰር የታየበት ሰው ሊወስደው አይገባም፤ እርጉዝ ሴትም እንዲሁ። ከስብ ጋር ጡንቻም አብሮ ስለሚቀንስ በተለይ ለአረጋውያን ፕሮቲን መመገብና እንቅስቃሴ ማድረግ የግድ ነው። መድኃኒቱን ያቆሙ ሰዎች በአማካይ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን በአንድ ዓመት ውስጥ መልሰው ማግኘታቸውም ታይቷል።

ለጾመኞች አንድ ነገር ለይቼ መናገር እፈልጋለሁ። ይህን መርፌ ከኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ከተባለው የስኳር ክኒን ጋር አብሮ የሚወስድ ሰው በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ከምግብና ከውኃ ለረጅም ሰዓት ሲርቅ ስኳሩ አደገኛ በሆነ መጠን ሊወርድ ይችላል፤ ትውከት ሲጨመርበትም ሰውነት ደርቆ ኩላሊት ይጎዳል። ጾሙ ከመግባቱ ሁለትና ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ መጠኑን ማስተካከል ያስፈልጋል። አባቶችም ቢሆኑ የታመመ ሰው ራሱን እንዲጎዳ አያዝዙም።

የማቅጠኛው መርፌ ውድ በመሆኑ ሰዎች ርካሽ መንገድ ይፈልጋሉ፤ ጉዳቱ የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካው የሚሸጠው መርፌ በአብዛኛው መጠኑ አስቀድሞ የተለካ ነው፤ በብልቃጥ የሚመጣውን ግን ሰውየው ራሱ በኢንሱሊን ሲሪንጅ ይቀዳል። የኢንሱሊን ሲሪንጅ የሚለካው በዩኒት ነው፤ 100 ዩኒት 1 ሚሊሊትር ነው። በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ 5 ሚሊግራም ባለው ብልቃጥ የመጀመሪያው ወር መጠን፣ ማለትም 0.25 ሚሊግራም፣ በሲሪንጁ ላይ 5 ዩኒት ይሆናል። አምስቱን ሃምሳ ብሎ ያነበበ ሰው 2.5 ሚሊግራም ወጋ ማለት ነው፤ ይህም ሰውነት ከ16 ሳምንት ልምምድ በኋላ ከሚደርስበት ከ2.4 ሚሊግራም ይበልጣል። በሌላ ብልቃጥ ደግሞ በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ ያለው 2.5 ሚሊግራም ሊሆን ስለሚችል፣ ጎረቤት «እኔ 10 እቀዳለሁ» ያለችው ለሌላዋ እጥፍ ይሆንባታል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስጠንቀቂያ ከታዘዘላቸው ከ5 እስከ 20 እጥፍ ወግተው ሆስፒታል የገቡ ሰዎች መኖራቸውን ገልጿል። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ብቻ አንድ ሳምንት ያህል ስለሚወስድ፣ ስሕተቱ በአንድ ቀን ትውከት አያልፍም። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት በብራዚል፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ የተገኙ አስመስለው የተሠሩ ሴማግሉታይዶችን አስመልክቶ ለዓለም ሁሉ አስጠንቅቋል።

ወደ እናታችን ብልቃጥ ልመለስ። ቢፒሲ 157 የ15 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው፤ ጅማትንና ጨጓራን ይጠግናል የሚባልለት በአብዛኛው በአይጦች ላይ በተደረገ ምርመራ ነው። የዓለም የፀረ አበረታች መድኃኒቶች ኤጀንሲ በ2022 እ.ኤ.አ. በስም ጠቅሶ ለስፖርተኞች ከልክሎታል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ2023 የደኅንነት ሥጋት ካለባቸው ንጥረ ነገሮች ጋር መድቦታል። «ለምርምር ብቻ» የሚለው ጽሑፍ ሻጩ ከተጠያቂነት ለማምለጥ የሚለጥፈው ነው፤ ማንም ንጽሕናውን አልመረመረም፤ ችግር ቢፈጠርም የሚጠየቅ የለም። በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. በላስ ቬጋስ፣ ዕድሜ ለማራዘም በሚል በተዘጋጀ ጉባኤ ላይ ፔፕታይድ የተወጉ ሁለት ሴቶች በመተንፈሻ መሣሪያ እስከ መረዳት መድረሳቸውን ሳነብ፣ ትዝ ያለችኝ ያቺ በሶፍት የተጠቀለለች ብልቃጥ ናት።

ግሉታታዮንም ፔፕታይድ ነው፤ ሦስት አሚኖ አሲድ ብቻ። ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በቤሩት የሚሠሩ እህቶቻችን፣ አሁን አሁን ደግሞ አዲስ አበባ ያሉ ሙሽሮች፣ ቆዳ ያቀላል ተብለው በደም ሥር ይወጉታል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ቆዳ ለማቅላት የሚሆን መርፌ አንድም እንኳ አልፈቀደም፤ የፊሊፒንስ አቻውም ከ2011 ጀምሮ በጉበት፣ በኩላሊትና በነርቭ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ሕዝቡን አስጠንቅቋል። እግዚአብሔር የሰጠንን መልክ ለመለወጥ ኩላሊትን መያዣ ማድረግ ልብ የሚሰብር ነገር ነው፤ ይህን የምለው በቁጣ ሳይሆን ሁለት ወጣት ሴቶች ፊቴ ቆመው ስላለቀሱ ነው።

የቫይታሚን ነገር ከዚህ ይለያል። ቫይታሚኖች ከጥቂቶች በቀር በአፍ ተወስደው በሚገባ ይሠራሉ፤ ስለዚህ በመርፌ መስጠታቸው ብዙውን ጊዜ ከልማድ የመጣ ነው። በአፍ በሚገባ የማይተካው ጉልህ ምሳሌ አዲስ ለተወለደ ሕፃን የሚሰጠው የ1 ሚሊግራም ቫይታሚን ኬ መርፌ ነው፤ ሕፃናት ይህ ቫይታሚን አንሶባቸው ስለሚወለዱ በአንጎል ውስጥ ሊከሠት ከሚችል የደም መፍሰስ ይጠብቃቸዋል፤ ማንም ወላጅ እምቢ እንዳይል እለምናለሁ።

አብዛኛው ሰው የሚጠይቀኝ ግን ቢ12ን ነው። ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮ የሚገኘው በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በወተትና በዓሣ ውስጥ ነው። ምእመናን በዓመት ወደ 180 ቀን የሚጾሙ በመሆናቸው ብዙዎች «ጾሙ ቢ12 አሳጥቶኝ ይሆናል» ብለው ይሠጋሉ። ጉበት ግን ለዓመታት የሚበቃ ክምችት አለው፤ በየቀኑ የሚያስፈልገን ደግሞ 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ በፍስክ ወራት የሚመገብ ጤነኛ ሰው በጾም ብቻ በቀላሉ አይጎድልበትም። ጉዳዩ የሚከብደው ዕድሜ ሲገፋ፣ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ክኒን ለዓመታት ሲወሰድ፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱ መድኃኒቶች ሲዘወተሩና በፍስክም ቢሆን ሥጋና ወተት የማይቀመስ ሲሆን ነው። እጥረቱ በደም ምርመራ ይታወቃል። ሕክምናው የግድ መርፌ መሆን እንደሌለበት ብዙ ሰው አያውቅም፤ ቢ12 በተለመደው መንገድ ባይመጠጥ እንኳ ከሚዋጠው ከመቶ አንድ ያህሉ በራሱ ሰርጎ ስለሚገባ፣ 1,000 ማይክሮግራም ያለው ክኒን 10 ማይክሮግራም ያህል ያስገባል፤ ይህም ከቀን ፍላጎታችን አራት እጥፍ ነው። ነርቭ የተጎዳበት ወይም ደም ማነሱ የጠናበት ሰው ግን በመርፌ ቢጀምር ይሻላል፤ መዘግየት ነርቭን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል።

ይህን ያህል የምገፋበት በአክስቴ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ የሚኖሩት አክስቴ እግራቸውን ሲያቃጥላቸውና ሲያደነዝዛቸው በአንድ ክሊኒክ ውስጥ ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 የተቀላቀለበት መርፌ በየሳምንቱ ለስምንት ወራት ተወጉ። ከእያንዳንዱ መርፌ በኋላ ለሁለት ቀን ቀለል ይላቸዋል፤ ከዚያ ይመለሳል። በስልክ ሲነግሩኝ «ስኳርዎን ተለክተዋል?» አልኋቸው። አልተለኩም። ሲለኩ ከ300 በላይ ሆነ። እነዚያ ስምንት ወራት ነርቮቻቸው በስኳር ሲቃጠሉ የቆዩባቸው ናቸው፤ ዛሬም የግራ እግራቸው ጣቶች ስሜት የላቸውም። መርፌው በራሱ መርዝ አልነበረም፤ ጉዳቱ ምርመራውን መተካቱ ላይ ነው። በተጨማሪም ቢ6 በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭን እንደሚጎዳ፣ ያውም መደንዘዝንና ማቃጠልን እንደሚያመጣ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሕመምተኛው ባሰብኝ ብሎ መርፌውን ይጨምርበታል።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ። ቫይታሚን ዲ ጥቁር ቆዳ ይዘን ረጅም ክረምት ባለበት አገር ለምንኖር ሰዎች በእርግጥ የሚያንስ ነገር ነው፤ ተመርምሮ በክኒን መተካት ይበቃል። በስብ ውስጥ የሚከማች በመሆኑ የ300,000 ወይም የ600,000 ዩኒት መርፌን ያለ ምርመራ መደጋገም ካልሲየምን ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ ኩላሊትን ይጎዳል። ቫይታሚን ኤም ይከማቻል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ሐኪም ሳያዝዝላት በብዛት ብትወስደው ፅንሱን ሊያጎድል ይችላል። ቫይታሚን ሲ በብዛት በደም ሥር ሲሰጥ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ በጎደላቸው ሰዎች ላይ ቀይ የደም ሕዋሳትን ይሰባብራል። ፎሊክ አሲድ ግን ለማርገዝ ለምታስብ ሴት ሁሉ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከእርግዝናው በፊት ጀምሮ በክኒን ያስፈልጋታል፤ በአገራችን የሕፃናት የአከርካሪና የአንጎል ክፍተት በብዛት ስለሚታይ ይህችን ርካሽ ክኒን ከየትኛውም ውድ መርፌ አስበልጣታለሁ። በአሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ተጨማሪ ምግብ ብሎ የሚያውቀው የሚዋጠውን ብቻ ነው፤ በመርፌ የሚሰጥ ሁሉ መድኃኒት ነው፤ «ተጨማሪ ምግብ ነው፤ ምንም አያደርግም» ብሎ መርፌ የሚሸጥላችሁ ሰው ስለ ሕጉም አያውቅም ወይም እውነቱን አይናገርም።

ሐኪም አዝዞላችሁ ራሳችሁን የምትወጉ ከሆነ፣ መርፌውን ከባል ወይም ከእህት ጋር እንኳ አትጋሩ፤ ጫፉን ብትለውጡም መድኃኒቱ ባለበት ካርትሪጅ ውስጥ ደም ሊመለስ ይችላል፤ ሄፓታይተስና ኤች አይ ቪ በዚህ መንገድ ሊተላለፉ ይችላሉ። ያገለገለውን በወፍራም የላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ የዕቃውን ክዳን ገጥማችሁ አስቀምጡ እንጂ በቆሻሻ ከረጢት ውስጥ አትጣሉ፤ ቆሻሻውን የሚያነሣው ሰው የማን ደም እንደ ነካው ሳያውቅ ይጨነቃል።

እናታችንን በዚያ ዕለት አልወጋኋቸውም። ብልቃጧን ሰጥተውኝ አስወገድሁላቸው፤ እንደ ተቀየሙኝ ከፊታቸው ገብቶኝ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጃቸው ወደ ሐኪም ወሰደቻቸው። ሜትፎርሚን ለዘጠኝ ዓመት ሲወስዱ የቆዩ በመሆናቸው ቢ12 በእርግጥ አንሷቸው ተገኘ፤ ጉልበታቸውም በመገጣጠሚያው መሸርሸር ምክንያት ነው የሚያማቸው። ሐኪሟ የ1,000 ማይክሮግራም ክኒን አዘዘችላቸው፤ ወደ እኔም መጥተው «ሳልወጋ ይሻለኛል?» ብለው ጠየቁኝ፤ የመቶኛውን ስሌት በወረቀት ላይ ጽፌ አሳየኋቸው። በሦስተኛው ወር የተደገመው ምርመራ ልኩ መስተካከሉን አሳይቷል፤ ድካሙም ቀሏቸዋል። ጉልበታቸው ግን አሁንም ያማቸዋል፤ በየሳምንቱ ማክሰኞ ልጃቸው ወደ ፊዚዮቴራፒ ትወስዳቸዋለች።